«ቲክ ኤንድ ፋስት»ን ያስተማረን የማታ ክፍል፦ ብሩ ይገባዋል ወይ?

ባሕር ዳር ውስጥ የማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቤት ሞልቷል። ግማሹ በሩ ላይ የለንደንን የሰዓት ማማ ለጥፎ «በ3 ወር አፍዎን እንፈታለን» ይላል። እኔ የምሠራው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። አፌ ድሮም የተፈታ ነው፤ ችግሬ ጆሮዬ ነበር። ፈረንጅ ሲፈጥን ይጠፋብኛል። ሰዋስው አውቃለሁ፣ ቃሉንም አውቃለሁ፤ ሦስት የማውቃቸው ቃላት ተያይዘው ሲመጡ ግን የማላውቀው ነገር ይሆናሉ። ይህን የሚያስተምር ቦታ ስፈልግ ነው ይህን ቤት ያገኘሁት።

ስሙን አልጠራም። ከታች የማማርርበት ነገር ስላለ ባለቤቶቹን ማሳጣት አልፈልግም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ የማይርቅ ሕንፃ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ስቴሽነሪ፣ ከላይ ሁለት ክፍል። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2 ሰዓት። ክፍያው በወር 1,200 ብር፣ መመዝገቢያው ለብቻ 200። ለከተማው ርካሽም ውድም አይባልም።

ቤቱን ቤት ያደረጉት መምህሩ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ የመምህራን ኮሌጁ ፔዳና ፖሊ ቴክኒኩ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሳይባሉ ፔዳ የተማሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ኮታቸውን አያወልቁም፣ ጠመኔ እንጂ ማርከር አይወዱም፣ ስልክ የጮኸበትን ሰው ስም አይጠሩም፤ ዝም ብለው ያዩታል። ያ ይበቃል።

ስለሳቸው አሠራር በደፈናው ከማወራ አንዱን ትምህርት ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ «ቲክ ኤንድ ፋስት» (thick and fast) ብለው ጻፉ። ትርጉሙን አልነገሩንም። «በሉ» አሉ።

«ወፍራምና ፈጣን» አለ ከፊት ያለው የባንክ ልጅ።

ከኋላ አንዷ «ፋስት ጾም አይደል እንዴ? ወፍራምና ጾም?» አለች። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አልተቆጡም። «እንደዚህ ከሆነ እኔም እጾማለሁ» ብለው ጠበቁን።

ከዚያ ማብራራት ጀመሩ። ቲክ እዚህ ላይ የሰውን ወይ የእንጀራን ውፍረት አይናገርም። ጥቅጥቅ ማለትን ነው የሚናገረው፤ ዛፎቹ የተጠጋጉበት ጫካ ቲክ ይባላል፣ ዓይን የሚከለክል ጭጋግም ቲክ ይባላል። ፋስት ደግሞ ያው መፍጠኑ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙ ነገር፣ ተጠጋግቶ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሲመጣ ማለት ነው። በኛ አነጋገር «በላይ በላዩ መጣ» ወይም «ተዥጎደጎደ»።

እዚህ ድረስ ማንኛውም መምህር ያደርሳል። ጋሼ ግን እዚህ ላይ አላቆሙም። «እሺ፣ አሁን ለምን ለምን ነገር ይባላል?» አሉ።

ኳስ የሚያዩት ልጆች ቀድመው ነቁ። የፕሪሚየር ሊግ ተንታኝ ጎል ሲበዛ የሚላት ነገር ይቺ ናት ለካ። አንዱ በ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ያሸነፈችበትን ጨዋታ አነሣ። ከ23ኛው እስከ 29ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ አራት ጎል ገባ። ጋሼ በጣም ደስ አላቸው። «በትክክል! ጎሎቹ ቲክ ኤንድ ፋስት መጡ ይባላል» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጥያቄ ጨመሩበት። «ጨዋታው በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ አንድ ጎል ቢገባስ?» ክፍሉ ዝም አለ። አይባልም። ያ ፈጣን ጎል ነው፣ ግን አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻውን ቢፈጥን ቲክ ኤንድ ፋስት አይሆንም፤ መብዛት አለበት፣ መደራረብ አለበት።

አንዲት ልጅ ደግሞ ጢስ ዓባይን አመጣች። ባሕር ዳር ላይ ምሳሌ ሲጠየቅ ጢስ ዓባይ ሳይነሣ አይታለፍም። «ውሃው ቲክ ኤንድ ፋስት ይወርዳል» አለች። 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል በክረምት የሚወርድ ውሃ እንዴት ቲክ ኤንድ ፋስት አይሆንም? አይሆንም አሉ ጋሼ። ፏፏቴ አንድ ውሃ ነው፤ አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተብሎ አይለይም። የሚለያይ ነገር ይፈልጋል። በረዶ ሲጥል ግን ይባላል፤ ፍሬው ለየብቻ ነው። ጥያቄ፣ ትእዛዝ፣ ወሬ፣ ቅሬታ፣ ስድብ፣ ዱላ፣ ጎል፣ የስልክ ጥሪ፤ ለእነዚህ ሁሉ ይባላል።

ሰውስ? «ወደ መናኸሪያ ቲክ ኤንድ ፋስት ሮጥኩ» ማለት ይቻላል? ይህን የጠየቀው የባጃጅ ሾፌር ነበር። አይቻልም። የሚመጣው ነገር ነው እንጂ የሚሮጠው ሰው አይደለም ቲክ ኤንድ ፋስት። ከፊቱ የሚቆመው ግስም አብዛኛውን ጊዜ «መጣ» የሚለው ነው፤ አንዳንዴ «ወደቀ» ወይም «በረረ» ይሆናል። ጋሼ እነዚህን ሦስት ግሶች ሰሌዳው ላይ ጽፈው ከበቧቸው። የኔ ደብተር ላይ እስከ ዛሬ እንደተከበቡ አሉ።

«ውርጅብኝ»ም ተነሣ። የስድብ ውርጅብኝ፣ የትችት ውርጅብኝ እንላለን። ይቀራረባል፣ ግን ውርጅብኝ ከክፉ ነገር ጋር ነው የሚሄደው። የምርቃት ውርጅብኝ ወረደብኝ የሚል ጎጃሜ አላየሁም። እንግሊዝኛው ለክፉም ለደግም ይሆናል፤ እንኳን ደስ አለህ የሚል መልእክትም ቲክ ኤንድ ፋስት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ተዥጎደጎደ» ይሻላል ተባለና ታለፈ።

ከኛ ጋር የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ ክፍሉ «መሪጌታ» እያለ ይቀልድበታል። ቆሎ ተማሪ ሆኖ ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆየ፣ አሁን ዘጌ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ ነው። እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ቢገለበጥስ? ፋስት ኤንድ ቲክ ብንለው?»

«አይባልም።»

«ለምን? ትርጉሙ አይለወጥም እኮ።»

«ትርጉሙ አይለወጥም፤ ግን የሚልህ ፈረንጅ የለም።»

መሪጌታ አልተዋጠለትም። ቅኔ ቤት ሌላ ነው። እዚያ ዛሬ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የዘረፈ ልጅ ነገ ያንኑ ይዞ የኔታ ፊት ቢቀርብ ያፍራል። የሌላውንማ መድገም ጭራሽ ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ ማምጣት አለበት። ሰሙ የታወቀ ቢሆን እንኳ ወርቁ አዲስ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳ። ጋሼም የቢቸና ሰው ናቸው፣ ቅኔ ሲነሣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አዳመጡትና፦

«እዚያ አዲስ ካላመጣህ ትወቀሳለህ። እዚህ አዲስ ካመጣህ ትወቀሳለህ» አሉት።

በበኩሌ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ሰምና ወርቅ ሲሰማ ነው ያደገው፤ ድብቅ ትርጉም መፈለግ ያውቅበታል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያገኝ ልክ እንደ ቅኔ ይፈታዋል፤ ቃሉን ይሰነጥቃል፣ ይገለብጣል፣ የራሱን ይጨምርበታል። መፍታቱ ባልከፋ። ሲናገር ግን እንደ ዳዊት ያንኑ መድገም ነው ያለበት፤ አንዲት ፊደል ማዛነፍ የለም። ክፍሉ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሰነፍ ስለሆንን ሳይሆን ብልጥ ለመሆን ስለምንሞክር ነው።

ሥራ ላይ ጠቀመኝ ወይ? እንዴታ። እንግዳ ከአየር ማረፊያ እንደገባ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ይጠይቃል። ጀልባ ስንት ሰዓት ነው? ፏፏቴው አሁን ውሃ አለው? ካርድ ትቀበላላችሁ? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ስልኬና የናንተ ደረሰኝ ለምን አልተስማሙም? የጠዋቱ 2 ሰዓት ለኛ ጠዋት ነው፣ ለሱ ሌሊት ነው፤ ይህን እስካስረዳ ሌላ ሦስት ጥያቄ ይደርሳል። ሴት እንግዶች ደግሞ ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይብሳል፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መግባት እንደሚችሉ ነግሬ አረጋጋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ የሚስቱን ጥያቄ ሲሰማ ቆይቶ በፈገግታ ይቺኑ ፈሊጥ ወረወራት። ገባችኝ። ከዚህ በፊት ቢሆን «ወፍራም» የሚለውን ሰምቼ ሚስቱን የሰደባት ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ ያስጠነቀቁን አንድ ነገር አለ። እንግዳ ፊት «ቅሬታችሁ ቲክ ኤንድ ፋስት እየመጣ ነው» ማለት ሰዋስው አይጥስም፣ ግን ሰው ያስቀይማል፤ በዛችሁብኝ እንደማለት ነው። ለጽሑፍ ግን ጥሩ ነው፤ የዱርዬ ቋንቋ አይደለም፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል። ለጥር 11 ጥምቀት የክፍል ጥያቄ ሲበዛብን ለአስጎብኚ ድርጅት በጻፍኩት ኢሜይል ተጠቀምኩበት። መልሱ ቶሎ መጣ። ፈሊጧ አመጣችው አልልም፤ የቀራችሁ ክፍል ጥቂት ነው መባሉ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን የፍጥነትና የኃይል ፈሊጦችን ጠቅለል አድርገን ነው የተማርነው። «ሀመር ኤንድ ቶንግስ» መዶሻና ጉጠት ነው። ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ አነጋገር ነው፤ ብረቱ ሳይበርድ በጉጠት ይዞ በመዶሻ ደጋግሞ መምታት። እንግሊዞች ከ300 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይሉታል። ከቲክ ኤንድ ፋስት የሚለየው ይኸኛው ለሰው መሆኑ ነው፤ ሥራን በሙሉ ጉልበት መያዝ፣ ወይም ሁለት ሰው አንገት ለአንገት ተናንቆ መከራከር። ባጃጅ ሾፌሩ የትራፊክ ፖሊስና የራሱን ንግግር በዚህ ገለጸው፣ ተጨበጨበለት።

«ላይክ ዋይልድፋየር» ቀላል ነበር፤ ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት ነው፣ እኛም እንደዚሁ እንላለን። ተንኮለኛዋ «ላይክ ኤ ሃውስ ኦን ፋየር» ናት። የሚቃጠል ቤት ሲባል የሰው ልብ ይደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተግባብተው ወዳጅ ሆኑ ነው። ጋሼ «እናንተ ሆቴል የምትሠሩት ይቺን መቀበያው ላይ ባትሞክሯት ይሻላል» አሉን። «ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን ግን ሊያስተምሩን እምቢ አሉ። ዝናብ ሲበረታ ይባላል ተብሎ ሁላችንም የምናውቀው፣ ፈረንጅ ግን ዛሬ እምብዛም የማይለው ነው። እኔም እስካሁን ከእንግዳ አፍ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ከሀገሬ ልጆች ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምሬቴ።

መጀመሪያ ሀንዳውቱ። በ150 ብር ለብቻ ይሸጣል፣ ደግሞ ግዴታ ነው። ከ200 የሚበልጥ ፈሊጥ በግራ፣ የአማርኛ ትርጉም በቀኝ። ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አንድም የለውም። ኮፒው ተደጋግሞ ተገልብጦ ዳር ዳሩ አይነበብም። ቲክ ኤንድ ፋስት አጠገብ የተጻፈው «በፍጥነት» ብቻ ነው። ያን ይዞ የወጣ ሰው ወደ መናኸሪያ ቲክ ኤንድ ፋስት ቢሮጥ ይፈረድበታል? ጋሼ ራሳቸው ሀንዳውቱን አይከፍቱትም። ታዲያ ለምን ይሸጥልናል? ጸሐፊዋን ስጠይቃት «የቤቱ ደንብ ነው» አለችኝ።

ሁለተኛው ምትክ መምህሩ ነው። ጋሼ ሲያማቸው ወይ ለቅሶ ሲሄዱ የሚመጣ ወጣት አለ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እንግሊዝኛውም አይከፋም። ግን ሀንዳውቱን ያነባል፣ እናንተም ድገሙ ይላል፣ ያበቃል። እሱ የመጣ ቀን የተማርኩትን ዛሬ ብትጠይቁኝ አንዱም ትዝ አይለኝም። ማስታወቂያው ላይ ያሉት ጋሼ ናቸው፤ ሲቀሩ በቴክስት ማሳወቅ ምን ይከብዳል? ባጃጅ ከፍሎ የሚመጣ ሰው አለ።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የለም። በስልክ መብራት ሰሌዳ ይነበባል እንዳትሉ፣ አይነበብም። የጋሼ ድምፅ ግን በጨለማም ይሰማል፣ እንዲያውም እንዲህ ባለ ምሽት ታሪክ ስለሚያወሩልን አንዳንዱ ተማሪ ደስ ይለዋል። ለከፈልኩት ብር ግን ታሪክ አልነበረም የፈለግሁት።

የተማሪው ቁጥር ሌላ ጣጣ ነው። ስመዘገብ «ከ15 ሰው አይበልጥም» ተብዬ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ወንበር ከስቴሽነሪው ይመጣ ጀመር። ሰው ሲበዛ ጋሼ የሚጠይቁት ከፊት ያለውን ብቻ ነው፤ የኋላው ዝም ብሎ ይጽፋል። የዚህ ትምህርት ጥቅሙ መጠየቁና መሳሳቱ ላይ ስለሆነ ኋላ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ብሩን መልሱልኝ ቢል እውነት አለው። አይመልሱም እንጂ። ሰርተፊኬትም አለ፣ እሱም በክፍያ ነው። እኔ አልወሰድኩም፤ አለቃዬም አልጠየቀችኝም።

ዩቲዩብ ላይ በነፃ እያለ ምን አስከፈለሽ ያሉኝ አሉ። ዩቲዩብ ላይ «አሥር ፈሊጥ በአምስት ደቂቃ» የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። ትርጉሙን ይነግራል። «ወደ መናኸሪያ ልሩጥበት?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን አይመልስም።

ለማን ይሆናል? ከእንግዳ ጋር ለሚሠራ ሰው፣ ለአስጎብኚ፣ ለጀልባ ማኅበር ልጆች፣ እንግሊዝኛ ኳስ ለሚሰማ፣ በሥራው ኢሜይል ለሚጽፍ፤ ይሂድ። ኤቢሲዲ ለሚጀምር ሰው አይሆንም፣ ይጠፋበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪም አልመክርም፤ ጋሼ ፈተና የሚባል ነገር ሲነሣባቸው ይናደዳሉ።

ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ «ጋሼ ናቸው የሚያስተምሩት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የማክሰኞውን ምድብ ያዙ፤ የቅዳሜው የምትኩ ነው። 12 ሰዓት ላይ ድረሱና ፊት ተቀመጡ፣ በመስኮቱ በኩል ሳይሆን በግድግዳው በኩል፤ መስኮቱ ሥር ባጃጆች ይቆማሉ፣ ጥሩምባቸው አያሰማም። ለመመለሻ ከባጃጅ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ዋጋው እጥፍ ነው። ሀንዳውቱን አንዱ ይግዛና አራት ሆናችሁ ተካፈሉ።